ውሃ ልክ የሆነው መደብ

ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ተመልሳ የግቢውን በር ስትከፍት አባቷ መጠቅጠቂያውን ተደግፎ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ይህ ብቻውን የሚያስደነግጥ ነበር። አባቷ ፈገግታን እንደ ሲሚንቶ መጥኖ የሚጠቀም ሰው ነው።

«ነይማ፤ ቦርሳሽን አስቀምጪና እዪ» አላት።

አየች። ትናንት እጇ እስኪላጥ የቆፈረችው፣ ጓሉን በጣቶቿ እያደቀቀች ያለሰለሰችው፣ የቆስጣና የካሮት ዘር የዘራችበት መደብ የለም። በቦታው ወለል ተሠርቷል። አፈሩ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ በመጠቅጠቂያ ተደብድቦ፣ ላዩ በጣውላ ተለስኖ ያብረቀርቃል። ዙሪያውን ጡብ በሲሚንቶ ተደርድሮለታል፤ አራቱም ማዕዘን በሲባጎ ተወጥሮ የተለካ ነው። አባቷ ጎንበስ ብሎ ውሃ ልኩን መሃል ላይ አስቀመጠና በመስታወቷ ውስጥ ያለችው አረፋ ቦታዋን እስክትይዝ ድንቢጥን አብራው እንድትጠብቅ አደረጋት።

«አየሽ? ወዲህም ወዲያም አትልም። ጠዋት ስወጣ አየሁትና እንደዚያ ጎርበጥበጥ ብሎ ትቼው ለመሄድ አላስችል አለኝ። እናትሽ ስትመጣ ይህን ነው ማየት ያለባት።»

ድንቢጥ ቀና ብላ አየችው። የአባቷ ፊት ላይ ላብና አቧራ ተቀላቅሎ ደርቋል። ለዚህ ሲል ግማሽ ቀን ከሥራ ቀርቷል ማለት ነው።

«ያምራል» አለች።

አባቷ ግንበኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ ይህንን ግን በእረፍት ቀኑ፣ ዘንድሮ አንድ ግድግዳ ለከርሞ አንድ ግድግዳ እያለ፣ በስንት ልፋት ለራሱ አቆመው። ከኪራይ ቤት ወጥተው የገቡበት በቅርቡ ነው። ግቢው ገና ከሥራ ቦታነት አልወጣም፤ የተረፈ ጠጠር አለ፣ የተሰበረ ጡብ አለ፣ ሲሚንቶ ሲቦካበት የከረመ ድርቅ ያለ መሬት አለ። ጥላ የለም፣ ሣር የለም።

እናቷም የለችም። እናቷ አዋላጅ ነርስ ናት። ቤቱ ገና ከመሠረቱ ብቅ እንዳለ ወደ ሩቅ ከተማ ጤና ጣቢያ አዛወሯት። ለአንድ ዓመት ነው ተብሎ ነበር። ዓመቱ አለቀና ማንም ምንም ሳይል ሌላው ተጀመረ። ድንቢጥ ትናፍቃት ነበር፤ ናፍቆቱ ደግሞ ሰዓት አይመርጥም። የሂሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ይመጣባታል። ጠዋት ፀጉሯን ለሁለት ከፍላ ለመጎንጎን ስትታገል፣ ከኋላ መስመሩ ሲጣመምባት፣ ይመጣባታል። ከአባቷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ሁለት ጨዋ እንግዶች ነው የሚኖሩት፤ «በላሽ?» ይላታል፣ «በላሁ» ትለዋለች፣ «ጥሩ» ይላል፣ ወሬው እዚያ ላይ ይዘጋል።

የአትክልቱ ነገር የተጀመረው በስልክ ነው። አባቷ ድንጋይ በሚቆርጠው ማሽን ጩኸት ጆሮው ከብዷል፤ ስለዚህ ስልክ ሲያወራ የስልኩን ድምፅ ለቆት ነው። አንድ ቀን ከበሩ ውጭ ተቀምጦ ከእናቷ ጋር ሲያወራ ድንቢጥ በመስኮቱ በኩል ሰማች። ልስማ ብላ አልነበረም፤ ከሰማች በኋላ ግን አልሄደችም። እናቷ እዚያው ቋሚ ሁኚ እያሏት እንደሆነ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንደሚፈልጉ ተናገረች።

«እኔ እንጃ» አለች እናቷ። «ያንን ቤት እኮ አላውቀውም። ላስበው ስሞክር ግድግዳ ብቻ ነው የሚመጣብኝ።»

አባቷ ብዙ ቆየና «ግድግዳው ጥሩ ነው» አላት።

ድንቢጥ ያን ዕለት ምሳዋ አልወረደላትም። አባቷን ይዛ መነቅነቅ አማራት። ግን ደግሞ እናቷ ያለችውን ደጋግማ ስታስበው ነገሩ መፍትሔ ያለው መሰላት። ችግሩ ግድግዳ ብቻ መሆኑ ከሆነ፣ ግድግዳ ብቻ እንዳይሆን ማድረግ ነው። እናቷ በኪራይ ቤቶቹ ሁሉ፣ አከራዮቹ እየተቆጧት እንኳ፣ በተሰበረ ባልዲ ቆስጣ ሳታበቅል ኖራ አታውቅም። አሁን የራሳቸው መሬት አለ። ቆስጣው እየለመለመ «ማን ይቀንጥሰኝ» ሲል እናት እንዴት ትቀራለች?

ዘሩን የሰጠቻት የክፍል ጓደኛዋ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ሁሉም ግን ራዲዮ ይላታል፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። እናቷ ገበያ ላይ አትክልት ስለምትሸጥ ራዲዮ ራሷን የእርሻ ፕሮፌሰር አድርጋ ሾማለች። ዘሩን ስትሰጣት ሁሉንም ባንዴ እንዳትጨርሰው አስጠንቅቃታለች። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማሽም?» አለቻት። ድንቢጥም ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠች።

በማግስቱ አባቷ ያደረገውን ስትነግራት ራዲዮ መጀመሪያ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ የድንቢጥን ፊት አይታ ሳቋን ሰበሰበች።

«ጠቀጠቀው? በመጠቅጠቂያ? ልጅት፣ ይህማ መዝራት አይደለም፣ መቅበር ነው። ቶሎ ንገሪውና ዛሬውኑ አፍርሱት። አለበለዚያ አይነፋም።»

ለመናገርማ ራዲዮን ማን ብሏት። ድንቢጥ ግን ያን ቀን ማታ አባቷ ውሃ በባልዲ ተሸክሞ መደቡን ሲያጠጣ አየችው። ከሥራ ደክሞ መጥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው። መደቡ ውሃ ልክ ስለሆነ ውሃው እንደ ሳህን ወጥ ተኝቶ ቀረ፤ ወደ ውስጥም አይሰርግ፣ ወደ ውጭም አይፈስ። «አንዲት ጠብታ አትባክንም» አለ አባቷ ረክቶ። ድንቢጥ ባዶውን ባልዲ ተቀበለችውና ወደ ቤት ገባች።

በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ መጣ። አባቷ ሰው ወደ ቤት ጠርቶ አያውቅም። ሴራሚክ አንጣፊው ቁጢጥ ብሎ መደቡን በመዳፉ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ያለ እጅ ዘንድሮ የለም አለ። ቀለም ቀቢው ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ዞሮ አደነቀ። ሦስት ጎልማሶች አትክልት የሌለበትን አትክልት ቦታ ከበው ሲመሰጋገኑ፣ ከዚያ ውስጥ ምን በምን ቀዳዳ እንደሚወጣ የጠየቀ አልነበረም። አባቷ «የልጄ ነው፤ እኔ ትንሽ ነው ያገዝኳት» አላቸው። ድንቢጥ ከውስጥ ሆና ይህን ሰማች። «የልጄ» ሲል ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው መቼ እንደሆነ ትዝ አላላትም።

ለእናቷም ዋሸች። እናቷ ደውላ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትላት፣ ቆስጣ ዘርተናል ብላ ጀመረች። በስልኩ ውስጥ የእናቷ ድምፅ ተለወጠ፤ የደከመው ድምፅ ሄዶ ድሮ ጠዋት ጠዋት የምትሰማው መጣ። ስንት መስመር ነው፣ ፀሐይ በየት በኩል ያገኘዋል፣ በቀለ ወይስ ገና ነው ብላ በጥያቄ አጣደፈቻት። ድንቢጥም ዓይኗን በጨው አጥባ «በቅሏል» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ቆስጣው ሁለት ቅጠል አወጣ። በሚቀጥለው አራት። እናቷ ፎቶ ላኪልኝ ስትላት ካሜራው ተበላሽቷል አለች። ባወራች ቁጥር እናቷ ትስቃለች፤ የእናቷን ሳቅ ለመስማት ድንቢጥ ቆስጣ አይደለም ዝግባ ማብቀል ትችል ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ወጥታ መደቡን ታያለች። ላዩ ደርቆ ቀጭን ቀጭን ስንጥቅ አውጥቷል። ሌላ ምንም የለም።

የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ነው። እናቷ ስለ ቋሚነቱ ለድንቢጥ ትንፍሽ አላለችም፤ ድንቢጥም አልጠየቀችም። ራዲዮ በየቀኑ ክፍል ሲገቡ «ነገርሽው?» ትላታለች። ድንቢጥ ነገ ነገ ትላለች። ራዲዮ አንድ ቀን ተናዳ «አባትሽን ነው የምትፈሪው ወይስ ዘሩን?» አለቻት። ድንቢጥ የምትፈራው ያንን ፈገግታ ማጥፋቱን ነው። ከእናቷ ጋር ያለው እየራቀ ሳለ ከአባቷ ጋር የተገኘችውን ትንሽ ነገርም በገዛ አፏ ልታፈርሰው ነው።

አባቷም መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ ወደ መደቡ ሄዶ ጎንበስ ይላል። «እስካሁን ምንም?» ይላል። «ምንም» ትላለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል እሱ። ካልተረገጠ ነዋ፣ ትላለች ድንቢጥ በሆዷ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አባቷ መጠቅጠቂያውን ከጓሮ አንስቶ መጣ። ስንጥቆቹን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«እኔ እንደሚመስለኝ መሬቱ ገና አልረጋም» አለ። «ሲሰነጠቅ አየሽው? በደንብ አልመታሁትም ማለት ነው። ነገ ውሃ አጠጥቼ አንድ ዙር ልድገምለት።»

ድንቢጥ የምታጥበውን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ሳፋው ውስጥ ለቀቀችው።

«አባዬ፣ እንዳትደግመው።»

«ለምን?»

«የጠቀጠቅከው ጊዜ ነው ያበቃለት። ዘሩ በላላ አፈር ነው የሚወጣው። ያን ቀን ነበር ልነግርህ የሚገባኝ።»

አባቷ እሷን አየ፣ መደቡን አየ፣ መጠቅጠቂያውን አየ። ከዚያ ያንን ከባድ ብረት ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛና ራሱ በደረደረው ጡብ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ሲቀመጥ ያረጀ መሰላት።

«እና ዝም አልሽኝ?»

«ደስ ብሎህ ነበር።»

ድንቢጥ የሳሙና ውሃው ከክንዷ ላይ እስኪደርቅ ቆመች። ሊቆጣ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«እኔ የላላ መሬት አላምንም» አለ በመጨረሻ። «ስንት ቤት ሲሰነጠቅ አይቻለሁ፤ ሁሌም ከሥር ነው። እናትሽ ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየኝ ብላኛለች። ምን ልበላት? ሌላ የምችለው ነገር የለም። አንቺ መቆፈር ስትጀምሪ ጊዜ በቃ ይህን እንኳ ደህና አድርጌ ላጥብቅላት ብዬ ነው።»

ድንቢጥ እሱም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ተሸክሞ ሲዞር እንደከረመ ያኔ ገባት። እዚያው መስኮት ሥር እንደሰማች ነገረችው። አባቷ አልተገረመም፤ የእጁን አቧራ አራግፎ አጠገቡ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቀላት። ሸሚዙ እስኪመሽ ድረስ ሳፋው ውስጥ ቀረ።

እሑድ ጠዋት ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የዶማ ድምፅ ነው። አባቷ ቀድሟታል። መደቡ እንደ ጡብ ደርቆ ስለነበር ዶማው ሲያርፍበት አፈሩ አይፈረካከስም፣ ሰፋፊ ሆኖ እንደ ድንጋይ ንጣፍ ይነሳል። አባቷ ይነቅላል፣ ድንቢጥ በአካፋ እየሰባበረች ጠጠሩን ትለቅማለች። ሁለቱም አያወሩም፤ ዝምታው ግን እንደ ሌላ ቀኑ አልከበዳትም። የተማሰው አፈር ሽታ ግቢውን ሞላው።

አንዱን ንጣፍ ገልብጦ አባቷ ዶማውን አቆመ።

«ይህ ምንድነው?»

ድንቢጥ ተንበረከከች። ከንጣፉ ሥር ክር የሚያህሉ ነጫጭ ነገሮች አሉ። ወደ ላይ መውጫ ሲያጡ ወደ ጎን ተኝተው የሄዱ፣ ተጠማዘው የተመለሱ፣ ጫፋቸው ላይ ፀሐይ ያላየ ቢጫ ቅጠል ይዘው የሞቱ። ሌላውን ንጣፍ ገለበጡ፤ እዚያም አሉ። አንዳንዶቹ ስንጥቅ አጠገብ ደርሰው ነው የቀሩት።

«በቅለው ነበር እንዴ?» አለ አባቷ።

«በቅለው ነበር።»

አባቷ አንዱን በሻካራ ጣቶቹ አንስቶ መዳፉ ላይ አኖረው። ድንቢጥ ፊቱን ላለማየት ወደ ጠጠር ለቀማዋ ተመለሰች። እንባዋ ግን መጣ፤ ለቆስጣ የሚለቀስ ባይሆንም አለቀሰች። አባቷ አላባበላትም። ትንሽ ቆይቶ ዶማውን አነሳና አሁን ቀስ እያለ፣ ከሥር የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስል፣ መቆፈሩን ቀጠለ።

ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ። አባቷ እጁ አፈር ስለሆነ በአገጩ አንሺው አላት። ድንቢጥ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው።

«የኔ ድንቢጥ» አለች እናቷ። ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል፤ ሥራ ላይ ናት። «ቆስጣዎቼ እንዴት ዋሉልኝ?»

ስድስት ቅጠል አውጥተዋል ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ለአንድ ሳምንት እንኳ ያቆያል፤ ወሩም እስከዚያ ያልቃል። ድንቢጥ አባቷን አየችው። ዶማውን ተደግፎ ቆሞ እሷን ይጠብቃል፤ በይ ወይም አትበይ የሚል ምልክት አልሰጣትም።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። አንድም አልበቀለም። ዛሬ መደቡን አፍርሰን እንደገና እየቆፈርን ነው።»

እዚያ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማ። የሕፃኑ ድምፅ ራቀ።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ግድግዳ ብቻ እንዳይመጣብሽ ብዬ።»

ድንቢጥ የእናቷን ትንፋሽ ሰማች። ከዚህ በኋላ የምትለውን አላሰበችበትም ነበር፤ ከየት እንደመጣም አላወቀችም።

«እንደገና እንዘራለን። ግን መሬቱ መጥፎ ነው፣ ሲሚንቶ ሲቦካበት የኖረ ነው፤ አሁንም ላይበቅል ይችላል። ባይበቅልም ነይ። እኔ እኮ እዚህ አለሁ።»

የእናቷ ድምፅ ሲመለስ ቀጥኖ ነበር። እመጣለሁ አላለችም፤ አልመጣምም አላለችም።

«አባትሽ አጠገብሽ ነው?»

ድንቢጥ ስልኩን ሰጠችው። አባቷ እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገና ተቀበላት። ደህና ነኝ ብሎ የሚዘጋ መስሏት ነበር። እሱ ግን «ስሚኝማ» አለ፤ «አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ጊዜ ሳልነግርሽ የቆየሁት ነው።» ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ቤቱ ገባና ወንበር ሲስብ ተሰማ።

መስኮቱ ክፍት ነው። የስልኩ ድምፅም እንደ ልማዱ የተለቀቀ ነው። ድንቢጥ ሁለት እርምጃ ወደዚያ ተራመደች፤ ሦስተኛውን ለመርገጥ አንድ እግሯን አነሳች። ከዚያ እጇን ዘርግታ መስኮቱን ከውጭ ገፋ አድርጋ ዘጋችውና ተመለሰች።

አፈሩ ላይ ተንበርክካ በጣቷ ቦይ አወጣች። መስመሩ ትንሽ ተጣመመ፤ አላቃናችውም። የቀረውን ዘር ከወረቀቱ ወደ መዳፏ ገልብጣ ለክፉ ቀን ሳታስቀር አንድ በአንድ ጣለችው። እናቷ ትምጣ አትምጣ ገና አላወቀችም። አፈሩን በእጇ መለሰችበትና ሳትጫነው ተወችው።